አንድ እንዳንሆን አንድ ለሆናችሁ ጌቶቻችን

ይድረስ ለተከበራችሁ የደርሃም አውራጃ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ባለቤቶች ማኅበር አባላት፣

ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ የሄዘርሎ ሰዎች፣ ቤታችንን ስለወሰዳችሁልን ጣሪያው ያፈሳል ከሚል ሐሳብ ተገላግለን፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የምጽፍላችሁ ታማር ሄፕል ነኝ፤ ባሌን ጉድጓዳችሁ ተንዶ የበላብኝ፣ ልጄ ራልፍም ሥራ ካቆሙት አድመኞች አንዱ የሆነብኝ ሴት። ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ሠራተኛ ከጌታው ጋር ለብቻው እንጂ በማኅበር ሊነጋገር አይገባውም ብላችሁ ስላስተማራችሁን እናመሰግናለን። ይህንኑ ልትነግሩን የአውራጃው ባለጉድጓዶች በሙሉ ማኅበር አቋቁማችሁ፣ በአንድ ድምፅና በአንድ ማኅተም መምጣታችሁ ግን ትንሽ ግር አሰኝቶናል። አንዱ ያባረረውን ሌላው እንዳይቀጥር መማማላችሁንም ሰምተናል። እኛ ስንማማል ወንጀል ነበር።

ሁለተኛ፤ ቤቱ የጉድጓዱ ነውና ያደመ ይውጣ ብላችሁ አስወጪዎች ስትልኩ፣ የራልፍ ሚስት ኤልሲ ምጥ ላይ ነበረች። አለቃቸውን «እባክህ ልጄ፣ እስክትወልድ እንኳ ታገሥ» ብዬ ብለምነው፣ «እኔ ምን ላድርግ እማማ? ትእዛዝ ነው። አንሱት አልጋውን!» አለ። ከነአልጋዋ አውጥተው ዝናብ ላይ አስቀመጧት። ለአልጋው ስላደረጉት ጥንቃቄ ምስጋናዬ ይድረሳቸው፤ አንድ እግሩ እንኳ አልተነካም።

ሦስተኛ፤ በልጆቻችን ቦታ እንዲሠሩ ከኮርንዎል በባቡር ስላመጣችኋቸው ሰዎች። በእኛ ዘንድ የአድመኛን ሥራ ሊወስድ የመጣን ሰው ሴቶች ወጥተን ልናሳፍረው መጥበሻ እየደበደብን ነው የምንቀበለው፤ በዚያው ዕለት ሲደርሱ እነሱንም እንዲሁ አደረግናቸው። ለካስ አድማ መኖሩን አልነገራችኋቸውም ኖሯል! ከእነሱ አንድ ሽማግሌ አልጋውን አይቶ፣ «ምን ጉድ ነው ይሄ? ሴትዮዋ ምን አጠፋች?» አለኝ። ነገርኩት። ኮቱን አውልቆ ከላይዋ ዘረጋው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። የልጅ ልጄ የተወለደችው በእነዚያ ኮቶች ሥር ነው። አልዋሽም፣ አለቀስኩ።

አሁን የተጠጋንበት የጸሎት ቤት ወለሉ ይበርዳል፤ ሕፃኗም ታስላለች። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤታችንን ክፈቱልን።

ለተከበረው ማኅበራችሁ እኛን የነፈጋችሁንን ሙቀት ሁሉ እየተመኘሁ፣ ከታሸገው የቤቴ በር ፊት ለፊት ሆኜ እጅ የምነሣ፣ እስከ ትናንት ድረስ ታዛዣችሁ፣

ታማር ሄፕል

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የኮርንዎል ሰዎች ጉድጓዱን አልወረዱም። በደበደብንባቸው መጥበሻ እራት ሠርተንላቸው፣ በልተው ሲያበቁ ከልጆቻችን ጋር ተማማሉ። ለማኅበራችን አዳዲስ አባላት በራሳችሁ ወጪ፣ እስከ ደጃችን ድረስ ስላመጣችሁልን እግዜር ይስጥልን።