ክኒኑና ንጥር ቅቤው

ሚቱናም ወር 29

ዝናብ። ቀኑን ሙሉ። ሁለት ማሰሮ የጉልበት መድኃኒት አፈላሁ። አንዱ ደረሰ፣ አንዱን ደፋሁት። ለምን? ያ ቀዩ ሥር... በኖራ ውሃ አጥቤ መዝኜዋለሁ። ሳጥበው አይቻለሁ፣ መዝገብ ላይም ጽፌዋለሁ። ግን ካላጠብኩትስ? ሳይታጠብ ወይም በዝቶ ከገባ የሰው ሆድ ያቃጥላል። ለጉልበታቸው የሚወስዱት እማማ ነቢሳ ቢሞቱብኝስ?

"አባባ፣ እስኪ አሽትትልኝ።" አጎንብሶ አሸተተ። "ደህና ነው።" "እርግጠኛ ነህ?" "ደህና ነው አልኩሽ እኮ፣ አምቢሊ!" ዛሬ ስንት ጊዜ ጠየቅኩት? አስራ አንድ ድረስ ቆጥሬ ተውኩት።

ጠዋት ክኒኔን ዋጥኩ። እንደ ሌባ፣ መታጠቢያ ቤት ተደብቄ። ከጀመርኩት አምስት ወር ሆነኝ። የመድኃኒት አዋቂው ልጅ ከተማ ወርዳ የአእምሮ ሐኪም ክኒን ትውጣለች ቢባል ሰፈሩ ጉድ ይላል። ዶክተር ሳፊያ "ኦሲዲ የሚባል የጥርጣሬ ሕመም ነው፣ ያመመው አንቺን ብቻ አይደለም" ያለችኝ ቀን አልቅሼ ነበር። ክኒኑ ትንሽ ቀለል አድርጎልኛል። ድሮ በቀን ሦስት ማሰሮ ነበር የምደፋው።

ሚቱናም 31

ምሳ ላይ አባባ ቁርጡን ነገረኝ። "የዝናቡ ወር አልፎ ቺንጋም ሲገባ ካልተሻለሽ ሥራውን ለአጎትሽ ልጅ ለቪጄሽ እሰጣለሁ። በሽተኛ ባዶ እጁን መመለስ አልችልም።" ቪጄሽ! ሥርና ቅርንጫፍ የማይለየው ቪጄሽ! አስራ አራት ዓመት በዚህ ምድጃ ጭስ ስለበለብ ኖሬ... ይሄን ካጣሁ ምን ቀረኝ?

ከዚያ ደግሞ ለስለስ አለ። "የዝናቡ ወር፣ ካርኪዳካም፣ ሲገባ እኔው ራሴ አክምሻለሁ። ዘይቱንም፣ ቅቤውንም። ሌላ የምትወስጂው ነገር አለ?"

"የለም" አልኩ። ቶሎ ብዬ።

ካርኪዳካም 1

ተጀመረ። ጠዋት በባዶ ሆድ ሥራ ሥር የተቀመመበት መራራ ንጥር ቅቤ፣ ራሴ ላይ ዘይት፣ ከዚያ የሩዝ አጥሚት። ዓሣ የለም፣ የቀን እንቅልፍ የለም። በዚህ ወር ከሕክምናው ሌላ ምንም መድኃኒት አፍ አይገባም። ይሄን ለበሽተኛው ሁሉ ስናገር የኖርኩት እኔ ነኝ። ታዲያ ክኒኑስ? ሩዝ ጣሳው ውስጥ ቀበርኩት። ሕግ ሕግ ነው።

ዘይቱ ግን ደስ ይላል። የአባባ እጅ ራሴ ላይ... እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ዳስሶኝ አያውቅም።

ካርኪዳካም 6

ያዞረኛል። ጭንቅላቴ ውስጥ ብልጭ የሚል ነገር አለ። ሦስት ማሰሮ ደፋሁ።

ካርኪዳካም 9

አምስት። ዛሬ አምስት!

እማማ ነቢሳ በዚያ ዝናብ ከወንዝ ማዶ መጡ። ጠርሙሱን ሰጥቻቸው መልሼ ከእጃቸው ነጠቅኳቸው። "ምነው የኔ ልጅ፣ ምን አጠፋሁ?" አሉኝ። መሬት ላይ ደፋሁት። "ኧረ እግዚኦ፣ ደህናውን መድኃኒት!" እያነከሱ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እኔ ቆሜ አየኋቸው።

አባባ "ቅቤው በሽታውን እየነቀለው ይሆናል፣ ታገሺ" አለኝ። ፊቱ ግን አመድ መስሏል።

ካርኪዳካም 10

ነገርኩት። ሁሉንም። ክኒኑን ከጣሳው አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩት።

ክኒን በመዋጤ ይቆጣል ብዬ ነበር። በሌላው ተቆጣ። "ጠይቄሽ ነበር! ሌላ የምትወስጂው አለ ወይ ብዬሽ ነበር! ይሄን ጥያቄ በሽተኛውን ሁሉ የምጠይቀው ለጌጥ መሰለሽ?"

"ሕጉ ሌላ መድኃኒት አይወሰድም ይላል..."

"የኔን ሕግ ለኔው ታስተምሪኛለሽ? ክኒኑን ማን አቁሚ አለሽ?"

ከዚያ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። እኔ ነኝ ያስለቀስኩት። እኔ።

ካርኪዳካም 12

ከተማ ወረድን። አባባ ነጭ ሽርጡን አሸርጦ፣ ጠርሙሶቹን በፌስታል አንጠልጥሎ፣ ፈተና እንደሚገባ ተማሪ ላብ በላብ።

ዶክተር ሳፊያ መጀመሪያ ወደኔ ዞረች። "ክኒን በራስሽ ፈቃድ አይቆምም። ከትንሹ እንደገና እንጀምራለን።" ከዚያ ወደሱ። "ቅቤው ውስጥ ያለውን አንድ በአንድ ይጻፉልኝ።"

"የአያቴ ቅመማ ነው፣ ልጄ።"

"አያትዎ ክኒኑን አያውቁትም ነበር፣ አባባ።"

ሳቅ አመለጠኝ። እሱም ሊስቅ ዳዳው፣ ግን ዋጠው። አስራ ስድስት ስም ጻፈላት። ሁለቱን በእስክሪብቶ ከበበቻቸው። "እነዚህ ከክኒኑ ጋር ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም። እስካጣራ ቅቤው ይቁም። ዘይቱ ግን ይቀጥል።"

የባሰው ከዚያ መጣ። "ሥሩን አንድ ጊዜ ብቻ ትመዝናለች፣ አትደግምም። ደህና ነው ወይ ብላ ብትጠይቅዎ አይመልሱላት። ባረጋገጡላት ቁጥር በሽታውን ነው የሚቀልቡት።"



ካርኪዳካም 13

ዘይቱን እየቀባኝ፣ ከኋላዬ ቆሞ ተናገረ። ፊቴን ላለማየት ይሆናል።

"አምቢሊዬ... ያ ትኩሳት ካስተኛኝ ወዲህ አፍንጫዬ አያሸትም። ሁለት ዓመት ሆነው።"

ሁለት ዓመት! ያ ሁሉ "ደህና ነው"?

"ስትመዝኚ አይሽ ነበር። አንቺን አምኜ ነው።"

ጮህኩበት። ለአባት የማይባል ነገር አልኩት። ስንት ሰው ጠጣው? ማንም አልሞተም... ማንም። ቢሞትስ ኖሮ? እሱ አፍሮ ደበቀ፣ እኔ አፍሬ ደበቅኩ። የአንድ ቤት ሰዎች ነን እንጂ!

ካርኪዳካም 21

"አባባ፣ ደህና ነው?" አራት ጊዜ። አልመለሰም። ጓሮ ወጥቶ ዝናብ ላይ ቆመ። ጠላሁት። አንድ ማሰሮ ደፋሁ።

ካርኪዳካም 27

አልደፋሁም። ማሰሮው ዙሪያ ስዞር ዋልኩ። አልደፋሁም ግን።

ቺንጋም 2

ፀሐይ ወጣች። ትናንት ቪጄሽ ሻንጣውን ይዞ መጥቶ ነበር። አባባ "ሻይ ጠጣና በጊዜ ሂድ" አለው።

ዛሬ እማማ ነቢሳ መጡ። ደጃፉ ላይ ቆም አሉ። ፈርተውኛል፤ ቢፈሩኝም አይፈረድባቸውም። ጠርሙሱን ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩት።

"ደህና ነው አይደል፣ የኔ ልጅ?"

እኔን ይጠይቁኛል! እኔን! አባባን አየሁት። መሬት መሬቱን ያያል።

እርግጠኛ አይደለሁም። ነገም አልሆንም፤ ዶክተሯም ትሆኛለሽ አላለችኝም።

"አንዴ መዝኜዋለሁ፣ እማማ" አልኳቸው።

ጠርሙሱን ጉያቸው ውስጥ ሸጉጠው ወጡ። ድልድዩን እስኪሻገሩ ድረስ አፌን ይዤ ቆምኩ። አልጠራኋቸውም።