ሐረጎን የማትወጣው የዕድራችን መኪና

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ወንድምአገኘሁ፣
የሠራተኞች መረዳጃ ዕድራችን ሰብሳቢ፣ የመኪና ግዢ ኮሚቴያችንም ሰብሳቢ፣ የመኪናዋም ቁልፍ ያዥ፣
ኮምቦልቻ

ጉዳዩ፦ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ ስለማትሄድ መኪና

ክቡር ሰብሳቢያችን፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎን፣ ወገብዎን፣ በተለይም ደግሞ ስብሰባ ላይ ጥያቄ ሲበዛ የሚነሳብዎትን ያንን ራስ ምታት አላህ ያሽርልዎ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ዘጠነኛ ወሬን ይዣለሁ፣ እግሬ አብጧል፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጥሎኝ ሄዷል፤ ስለዚህም ነገሮችን ከአንድ ጊዜ በላይ ለማሰብ ሰፊ ጊዜ አግኝቻለሁ።

እርስዎ ቢያውቁኝም ደብዳቤው ግልጽ ነውና ለሌላው አንባቢ ስሜን ልናገር። ሱዓድ ጀሚል እባላለሁ፤ በልብስ ፋብሪካው ስፌት ክፍል ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። መኪናዋ ከመገዛቷ በፊት አይተው ይመስክሩ ከተባልነው ሦስት ሰዎች አንዷም እኔ ነኝ። «ሴት ትኑርበት» ብለው የመረጡኝ እርስዎ ራስዎ ነበሩ፣ በወቅቱም በአክብሮት አመስግኜዎታለሁ። አሁን አሁን ግን ለምን እኔን እንደመረጡ እየገባኝ መጥቷል፤ ስለ መኪና ከበሩ አከፋፈት በቀር የማውቀው ነገር አልነበረም።

መኪና ለምን እንዳስፈለገንም ይታወስ። ዕድራችን ድንኳን፣ ሰሃንና አግዳሚ ወንበር ብቻ ነበረው። ካቻምና የማሸጊያ ክፍሏ ብዙዬ ምጥ ሲይዛት ደሴ ሆስፒታል እንድትሄድ ወረቀት ተጻፈላት፤ መናኸሪያ ውስጥ ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠበቀች፤ ወደ ደሴ በሚያወጣው ሐረጎ ዳገት ላይ፣ በሰው መሃል፣ ወለደች። ልጁ አልተረፈም። እርስዎም ከእኛ ጋር ቀብር ቆመዋል፣ አልቅሰዋልም፣ አይቼዎታለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ወላድና በሽተኛ ደሴ የምታደርስ አንዲት መኪና ትገዛ ብለን በአንድ ድምፅ የወሰንነውና ከደመወዛችን እንዲቆረጥ የፈረምነው። እንግዲህ ቅሬታዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

1ኛ. ጉባኤው የጠየቀው ያገለገለች ሃይሩፍ ሚኒባስ ነበር፤ ወንበሯ ተነስቶ አልጋ የሚዘረጋባት፣ መልኳ ባያምርም የምትሠራ። እርስዎ ግን ለእኛ ካለዎት ክብር የተነሳ ያገለገለች የባለሥልጣን ቪኤይት አመጡልን። ወንበሯ ቆዳ ነው፣ ጣሪያዋ ይከፈታል፣ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል ለስላሳ የሚያቀዘቅዝ ሳጥን አላት፣ መስኮቷ ጥቁር ነው። «ሠራተኛ ሲታመም ክብር አይገባውም ወይ?» ብለው ሲጠይቁን ሁላችንም አፍረን አጨበጨብን። በኋላ ግን ቃሬዛ ልናስገባ ሞክረን የዕቃ ግምጃ ቤቱን ኪዳኑን አስተኝተን ብንለካው እግሩ ከጉልበቱ ጀምሮ በኋላው በር ውጭ ቀረ። የኋላው ወንበር ይነሳ ስንል ደግሞ ቆዳው ይጎዳል ተባልን። ለተደረገልን ክብር እናመሰግናለን፤ በሽተኛው ግን ቁጭ ብሎ መታመም አለበት ማለት ነው።

2ኛ. መኪናዋን ልናይ ስለሄድንበት ቀን ሳስብ፣ ወላሂ፣ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል። እኔ፣ መካኒኩ አራጋውና የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኪዳኑ ከእርስዎ ጋር በጠዋት ደሴ ወጣን። ሰኞ ገበያ ጀርባ ደላላው ይጠብቀን ነበር። «ገና ዛሬ ነው የምንተዋወቀው» ብለው አስተዋወቁን፣ እኛም አመንን። ሻይ ሲታዘዝ ግን ደላላው እኛን አንድ በአንድ ከጠየቀ በኋላ ለእርስዎ ሳይጠይቅ «ያለ ስኳር፣ ቀጠን ያለ» ብሎ አዘዘ። ያኔ ጨዋ ሰው ነው ብዬ አደነቅኩት። ዛሬ ሳስበው፣ ዛሬ የተዋወቀ ሰው የሌላውን ሰው ሻይ ከየት ያውቃል?

አራጋው ኮፈኑን በእጁ ነካና «ሞተሩ ከአሁኑ ሞቋል» አለ። ደላላው ፀሐይ ነው አለ። ደሴ በዚያ ጠዋት ጉም ከመልበሷ የተነሳ የተሰጣ ልብስ እንኳ አይደርቅባትም ነበር! የመኪናዋ ባለቤት ማን ነው ስንልም ውጭ አገር ያለ ሐኪም ነው ተባለ፤ ስሙን ስንጠይቅ ዶክተር ነው፣ ስልኩን ስንጠይቅ በጣም ሥራ የሚበዛበት ዶክተር ነው። ከዚያ መሪውን ደላላው ያዘ፣ እርስዎ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። አቤት ስትወርድ! ድምፅ የላት፣ መንገጫገጭ የላት። እኔ አንዷን ቁልፍ ስጫን መስኮቱ ወረደ፣ ደግሜ ስጫን ወጣ፣ የእኔ ምርመራ በዚሁ ተጠናቀቀ። ኮምቦልቻ ስንደርስ አራጋው «አንድ ጊዜ ወደ ላይ እንመልሳትና ዳገቱን እንያት» ብሎ ለመነ። እርስዎ ሰዓትዎን አይተው ምሳ ደርሷል አሉ። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ «ኧረ አራጋው፣ የወረደች መኪና መውጣት ያቅታታል እንዴ? ነገር አታብዛ» ብዬ አፉን ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ሦስታችንም ፈረምን። አራጋው እስካሁን ያቺን ቃሌን ሳይደግምብኝ አንድ ቀን አያልፍም፣ እውነቱን ነው።

3ኛ. መኪናዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ የተጠራችው የምግብ ቤቷ ይታይሽ ትርፍ አንጀት አሟት በተጣደፈች ዕለት ነው። ከኮምቦልቻ በክብር ወጣች። ሐረጎን መውጣት በጀመረች በሁለተኛው ጥምዝ ግን ተንተከተከች፣ ጨሰች፣ ቆመች። አጃቢዎቹ ወርደው ገፉ፤ ይታይሽም ሆዷን ይዛ ወረደች፣ ቀለል እንዲላት ተብሎ ነው። በመጨረሻ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ አዝኖላት ደሴ አደረሳት፤ በሰዓቱ ደረሰችና ተረፈች። መኪናችን ፊቷን አዙራ ወደ ኮምቦልቻ ስትመለስ ግን፣ ማሻአላህ፣ ቀድሟት የሄደ አልነበረም። በማግስቱ ሰሌዳ ላይ የለጠፉትን ማስታወቂያ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «መኪናዋ ከደጋ አየር ጋር እስክትለማመድ አባላት በትዕግሥት እንዲጠብቁ።» አጃኢብ ነው! የገዛናት እኮ ከደሴ ነው፤ ደሴ ስትኖር የነበረች መኪና የደጋ አየር የሚከብዳት ወደ እኛ ከመጣች በኋላ ነው ወይ?

4ኛ. ሐርቡ። በዚህ ላይ ብዙ አልልም። ዳገት የከበዳት መኪና በየቅዳሜው ወደ ሐርቡ፣ ወደ ፓፓያ ማሳዎ፣ ለምን ጉዳይ እንደምትወርድ ጠይቀን «ለልምምድ» ተብለናል። ስትመለስ ሁለት ቦታ ቆማ ውሃ እንደሚጨመርላት የሚያዩ አሉ። ፓፓያውስ ደህና ነው?

አሁን ቁጥር ወዳልሰጠሁት ነገር ልምጣ፤ ቅሬታ ይሁን ሌላ ነገር እኔ ስሙን አላውቀውምና። የጎረቤቴ ባል ማረው ጫኝና አውራጅ ነው። መኪናዋ ፋብሪካው በር ላይ ቆማ ሲያያት ዞሮ ዞሮ ተመለከታትና የግራ የኋላ በሯ ላይ ያለውን ጭረት በጣቱ ነካ። «ይህን ጭረት የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ያኔም በዚሁ ተሰድቤበታለሁ» አለን። እኛ ደሴ ከመሄዳችን በፊት በነበረው ቀን፣ አመሻሽ ላይ፣ እዚሁ ኮምቦልቻ አንድ ግቢ ውስጥ አራት ሆነው ይችን መኪና ገፍተው የጭነት መኪና ላይ አውጥተዋታል፤ ሸራ አልብሰው በገመድ ያሰሯት ማረውና ጓደኞቹ ናቸው፤ የገመዱ ብረት ነው የጫራት። በሌላ መኪና ጀርባ ሐረጎን ወጥታ ደሴ አደረች። በማግስቱ በራሷ እግር ስትወርድ እኛ አጨበጨብንላት። ግቢው የማን እንደሆነ እኔ ለመጻፍ ድፍረቱ የለኝም፤ የባለቤትዎ ወንድም ግን በደንብ ያውቁታል፣ በሩን የሚከፍቱትም የሚዘጉትም እሳቸው ናቸውና።

ክቡር ሆይ፣ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። እርጉዝ ሴት ነገር ታበዛለች ይባላል። ሻዩም አጋጣሚ፣ ሞተሩም ፀሐይ፣ ሸራውም ከጉም ለመከላከል ይሆናል። ግን የእኔን ጉዳይ ይስሙኝ። ትልቋን ልጄን ሰልዋን የወለድኳት በቀዶ ጥገና ነው። ሐኪሞቹ ሁለተኛውንም ደሴ ትወልጃለሽ፣ ምጥ እስኪጀምርሽ እንዳትጠብቂ ብለው ወረቀት ጽፈውልኛል። እኔም በዕድሬ መኪና አልተማመንኩም። ይህን የምጽፍልዎት ደሴ፣ አክስቴ ሳፊያ ቤት ሆኜ ነው፤ ቀኔ ሳይደርስ፣ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቄ፣ ገና ራሴን ችዬ ሚኒባስ መሳፈር ስችል መጣሁ። ሰልዋን ጎረቤት ጋ ትቻታለሁ። በየቀኑ ደውላ መቼ እንደምመጣ ትጠይቀኛለች፣ እኔም ስለ ትምህርት ቤቷ አወራታለሁ። ተናድጃለሁ፣ ፈርቻለሁም፤ ሁለቱንም ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ። እኔስ አክስት ስላለችኝ መጣሁ፤ በስፌት ክፍል ብቻ ሌሎች ሦስት እርጉዞች አሉ፤ ከገጠር የመጡ፣ ደሴ ዘመድ የሌላቸው። እነሱ የሚጠብቁት ያችኑ መኪና ነው።

ስለዚህ በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ከአባላት ሲሶው ከፈረመ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራልና፣ ፈርመን ጠርተናል። ከሲሶው በላይ ነን። ቦታውን የሚወስኑት ጠሪዎቹ ናቸው ስለሚል፣ ቦታው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ ያለው አዳራሽ እንዲሆን ወስነናል፤ የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። አባላት በየራሳቸው ይመጣሉ። እርስዎ ግን ሰብሳቢ ነዎትና እንደ ማዕረግዎ በዕድሩ መኪና፣ ሞተሯ ኮምቦልቻ ላይ ተነስቶ፣ ሸራ ሳትለብስ፣ በራሷ ጎማ እንዲመጡልን በትሕትና እንለምናለን። ሐረጎን ከወጣች እኔ በጉባኤው ፊት ቆሜ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ፣ ስሜ ያለበትን ይህን ወረቀትም እቀደዋለሁ። ካልወጣች ግን መኪናዋ ወደወጣችበት ግቢ፣ የተከፈለባትም ገንዘብ ወደ ዕድሩ ይመለስ፤ ሦስቱ እህቶቼ ሳይወልዱ ሃይሩፏ ትገዛ፤ ቁልፉንም ማኅተሙንም ለጉባኤው ያስረክቡ። ከዚህ የበለጠ የምንፈልገው ነገር የለም።

ላደረጉልን ሁሉ፣ ላስተማሩንም ሁሉ፣ በተለይም ዳገትና ቁልቁለት ለየብቻ መፈተን እንዳለባቸው ስላሳወቁን፣ ሆዴ በሚፈቅድልኝ መጠን ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣
ሱዓድ ጀሚል፣ ከስፌት ክፍል፣ ለጊዜው ደሴ

ግልባጭ፦
ለፋብሪካው በር ማስታወቂያ ሰሌዳ
ከሰሌዳው ቢነሳ ለፊት ለፊቱ ሻይ ቤት ግድግዳ
ለመካኒክ አራጋው፣ ከይቅርታ ጋር

ማስታወሻ፦ ልረሳው ነበር፤ እንኳን ደስ ያለዎት! ልጅዎ አቢጌል ባለፈው ማክሰኞ እዚሁ ደሴ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላግላለች። ለክትትል ሄጄ አገኘኋትና ሕፃኑን አቀፍኩት፤ ማሻአላህ፣ ግንባሩ ቁርጥ የእርስዎ ነው። አቢጌል ቅን ልጅ ናት፣ ከዚህ ሁሉ የምታውቀው የለም፣ ማንም ክፉ እንዳይናገራት አደራ ብያለሁ። እንዴት መጣሽ ብላት፣ አባቴ ምጡ ሳይጀምረኝ አራት ቀን ቀድሞ ሚኒባስ በኮንትራት ይዞ፣ ከኋላ ፍራሽ አንጥፎ አመጣኝ አለችኝ። ጥሩ አባት ነዎት፣ ይህን ከልቤ ነው የምለው። የዕድሩ መኪና ያን ዕለት የት ነበረች ብዬም ጠየቅኳት። ታጥባ፣ ነዳጅ ሞልታ፣ ደጃችን ቆማ ነበር አለችኝ።