ምሳውን ሊያስቀር የተገዛው ስክሪን

ሐምሌ 6

ቢሮ ስተይብ ዋልኩ። ዝናብ... ጭቃው ጫማዬን ከእግሬ ነጥቆ ሊያስቀር ምንም አልቀረው። ቤት ስገባ ወንድሜ ምሳው እንደተለመደው ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። አያርስ፣ አይነግድ። መቀሌ አክስቴ ዘንድ ተማር ብለን ላክነው፤ ጌም ቤት ተምሮ መጣ።

ራት ላይ ዱብ አደረገው። "እህቴ ይታየሽ፣ ከዘበነ ጋር በጅቡቲ በኩል ልወጣ ነው።"

ዓረብ አገር መሆኑ ነው፣ ከአብሮ አደጉ ጋር። በባሕር። እማ እጇ ላይ ያለውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችው። አምና የጎረቤታችንን ልጅ ባሕር በልቶት ቀረ፣ እናቱ ዛሬም በር በር ታያለች።

"ምን ቢኖርህ ትቀራለህ?" አልኩት።

"ጌም ቤት" አለኝ እየሳቀ። ቀልዱን ነው? እንጃ።

ሐምሌ 14

ገዛሁት! ተዘግቶ የሄደው የርዳታ ድርጅት ዕቃውን ሲሸጥ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ስክሪን ደረሰኝ። ኮምፒውተሩ ደህና ነው። ስክሪኑ ግን ጉድ ነው... ሁለት ሰው የሚያነሳው፣ ከጀርባው የመሰኪያ መዓት የተደረደረበት አሮጌ። ሌላ ከየት ይምጣ? የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

ምሳው ሲያየው ዘለለ። "አንቺ! መቀሌ ጌም ቤት ያለው እኮ እንዲህ ያለው ነው! የድብድቡ ጌም እዚህ ላይ ነው የሚያምረው!" እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው?

ተስማማን። ለአዲስ ዓመት ጌም ቤቱ ከተከፈተ ይቀራል። ካልተከፈተ ዘበነን ተከትሎ ይሄዳል። እማ የመንገድ ዳሩን ክፍል ለቀቀችልን፤ ጤፏን ወደ ጓዳ አስገባች።

ሐምሌ 22

የኮምፒውተሩ ገመድ ጫፍ አንድ ነው፣ ሰፊ፣ ውስጡ እሾህ እሾህ ያለበት። ስክሪኑ የሚፈልገው ደግሞ አምስት ክብ ክብ ጫፍ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፤ ሁለቱ ሥዕሉን ቀጥ አድርገው የሚይዙ። እዚህ ሰቆጣ ላይ እንዲህ ያለ ገመድ ማን ይሸጣል? ምሳው ገመዱን ቆረጠና ልጦ ለአምስት በተነው። ጫፎቹን ከስክሪኑ ጋር ከመጡት አሮጌ ገመዶች ነቅሎ በየሽቦው ላይ ገጠማቸው።

አበራን። ሥዕሉ እንደ ወንፊት ይወዛወዛል። አሽከርክሮ አሽከርክሮ ራሴን አዞረኝ።

ነሐሴ 2

ሁለቱን ጫፎች አቀያየርናቸው። ቆመ! ነጭ ፊደል በጥቁር ላይ። ተቃቅፈን ጮኽን። ከዚያ ዋናው ገጽ ሊመጣ ሲል... ድርግም። ጨለማና ፉጨት ብቻ። አጥፍተን አበራን። ፊደሉ ይመጣል፣ ከዚያ ድርግም። ደግመን፣ ደግመን። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ነሐሴ 9

ዛሬም ድርግም። ምሳው ማታም አልበላም። ጾሙ ነው ይላል። እኔን!

ነሐሴ 18

ከተማው ሻደይ ላይ ነው። የልጃገረዶቹ ከበሮ እቤት ድረስ ይሰማል። እኔ አንድ ጊዜ እንኳ ወጥቼ አላየሁም፤ ከጨለማ ስክሪን ጋር ተፋጥጫለሁ።

ዘበነ መጣ። አዲስ ቦርሳ ገዝቷል። "ተነስ እንጂ አንተ፣ ሣጥን ታቅፈህ ልታረጅ ነው?"

ምሳው የቦርሳውን ዚፕ ከፍቶ ውስጡን አየ። ቢቆጣ ደስ ይለኝ ነበር።

ነሐሴ 26

ተገኘ! ተመስገን!

የቢሮው ኮምፒውተር ሲያስቸግር ገና ሲነሳ የምንጫናት ቁልፍ ትዝ አለችኝ። እሷን ስጫን በትልልቅ ፊደል፣ በትልልቅ ሥዕል ተነሳ፤ ሳይጠፋ ቆመ። ለካ ኮምፒውተሩ ሥዕሉን እያጣደፈ ሲልክበት አሮጌው ስክሪን አልደርስ እያለ ነው የሚጠፋው። የሥዕሉን መጠንም ፍጥነቱንም ዝቅ አደረግንለት። አለቀ። ይሄው ነበር! አንድ ወር ያስለቀሰኝ ይሄ ነበር!

ምሳው የወይራ እንጨት ጠርቦ፣ አንድ አሮጌ ኪቦርድ ሆዱን ዘርግፎ፣ የጌም መጫወቻ ማንሻና ቁልፍ ሠርቶለት ነበር። ሰካውና ድብድቡን ጀመረ። እማን ጠራናት።

"እነዚህ ሰዎች ምን አጣላቸው?" አለች። "ሽማግሌ የላቸውም?"

ሳቅን ሞትን። ምሳው ዓይኑን ሳይነቅል "ለአዲስ ዓመት እንከፍታለን" አለ። ጆሮዬ ሰማው።

ጳጉሜን 3

እንዴት ብዬ ልጻፈው...

ሩፋኤል ነው። ዝናቡ ወረደ። ሰው ሁሉ እንደየዓመቱ ወጥቶ ተጠመቀ፤ የዛሬ ዝናብ ጸበል ነው። እኔና ምሳውም እንደ ሕፃን ደጅ ስንቦራጨቅ ነበር። እማ በጣሳ ያዘች። ሁሌ ሊጡ ላይ ጠብ ታደርጋለች፣ የቤቱን ማዕዘን ትረጫለች። ማን ልብ አለ? ስክሪኑ በርቶ ነበር። ማን ያጠፋል እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ብሎ?

ስንገባ እማ ጸበሉን በስክሪኑ አናት ላይ ባሉት የአየር ቀዳዳዎች እያፈሰሰች ነበር። መርጨት አይደለም፣ ማፍሰስ። ጧ! አለ። ጭስ... የሚሰነፍጥ ሽታ።

"እማ! ምን አደረግሽ?"

"ልጄን ይያዝልኝ ብዬ... ሆዱ ድረስ እንዲገባ..." ከዚያ ወዲያ ንግግሯ በአፍ መፍቻዋ በኽምጣንጋ ሆነ። ሲጨንቃት አማርኛው ይጠፋታል። ጣሳው ከእጇ አልወርድ አለ።

ምሳው አልጮኸም። ጣሳውን ቀስ ብሎ ተቀበላትና ጋቢ አለበሳት። ምነው በጮኸ!

ጳጉሜን 5

አደረቅነው። አልነሳም። ውስጡ የነደደው ነገር ስሙን እንኳ የሚያውቅ የለም።

"ወልድያ ሄጄ ሌላ ልፈልግ፣ ትንሽ ታገሠኝ" አልኩት። "እሺ" አለ። እሺ ሲል ዓይኔን አላየኝም።

መስከረም 4

ሄደ። ጎህ ሲቀድ፣ ከዘበነ ጋር፣ በጭነት መኪና። እማን ጉልበቷን ስሞ ነው የሄደው። እኔን "እሷን አደራ" አለኝ።

ሬዲዮው ሚሊኒየም፣ ሚሊኒየም ይላል። የምን ሚሊኒየም!

ጥቅምት 11

ድምፁ የለም። እማ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ነው የምትቀመጥ። "ይቺ እጄ ናት ያባረረችው።" እህል አትቀምስም ብል ይቀለኛል። ቤተ ክርስቲያን መሳለም እንኳ ትታለች። "በየትኛው ፊቴ?" ትላለች። ስንቴ ተቆጣኋት፣ ስንቴ ለመንኳት። እግዜርን በዚህ ቤት ምን በድለነው ነው?

ኅዳር 16

ደወለ። ቢሮ፣ ጠዋት። ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ነው።

"የመን ነኝ። ደህና ነኝ።"

"ዘበነስ?"

"ዘበነ ባሕሩን አልተሻገረም።"

እናቱን ምን ልላት ነው? ማሰብ ሁሉ አቃተኝ። መስመሩ እንዳይቆረጥብኝ የእማን ነገር ቶሎ ቶሎ ነገርኩት፤ እጄ ነው ያባረረው እያለች ልትሞትብኝ ነው አልኩት።

"ይታየሽ... ስክሪኑ ቢሠራም እሄድ ነበር በያት። ከሐምሌ ጀምሮ የቆረጥኩት ነው።" ተቋረጠ።

ቤት ገብቼ እንዳለው ነገርኳት። የዘበነን ዋጥኩት። እማ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፣ አየችኝ... ከዚያ እጇን አወጣች። "ከጥንትም ቆርጦ ኖሯል?" አለች። "አዎ እማ።" ተነሳች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ንጹሕ ነጠላ ለበሰች። ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ናት።

ለእሷ ሲል ዋሽቶ ነው? ከሆነ እግዜር ይስጠው። እውነቱን ከሆነስ? ያ ሁሉ መልፋት፣ ያ ሁሉ ሳቅ፣ እኔን ለማስደሰት ነበር? ልጠይቀው የምችልበት ቁጥር እንኳ የለኝም።

እማ በሩ ላይ ሆና ዞረች። "አንቺስ፣ አትመጪም?"

እግሬ አልነሳ አለኝ።