የጠረጴዛው አጭር እግር

ሐሙስ፣ የካቲት 9

ለምወድህና ላስቀየምኩህ አባቴ፣

ጉልበትህ እንዴት ነው? ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠህ እንደምትውል ነገረኝ። ስደውል "ሥራ እንዴት ነው?" ትልና ስልኩን ለእሱ ስለምትሰጠው፣ ደብዳቤ እንኳ አይዘጋብኝም ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ያ ቀን ከሆዴ አልወጣ አለ። የምግብ ቤቱ የስቴንለስ ጠረጴዛ እንደለመደው በገንዳው ጥግ ተሰንጥቆ አብረን ሄድን። አንተ ስንጥቁን በአርጎን በይደህ፣ ጠባሳው እንዳይታወቅ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልክ ታሸው ነበር። እኔ ከስር ገብቼ አንዱ እግር አጭር መሆኑን አየሁ። ትልቁ ድስት በተቀመጠበት ቁጥር ጠረጴዛው ይወዛወዛል፤ የሚሰነጠቀውም ለዚህ ነው። ወጣሁና በእትዬ ሼፍ ፊት፣ "አባዬ፣ ይቺን ሳታይ ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ ስትበይድ የኖርከው? ዓይንህ ደክሟል እንዴ?" አልኩህ። ዕቃ አጣቢዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ምላሴ ይቆረጥ። እትዬ ሼፍ ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዞሩ። አንተ የብርጭቆ ወረቀቱን አጣጥፈህ ኪስህ ከተትክ። እኔ እግሩ ስር ብረት በይጄ ጀግና ሆኜ ወጣሁ፤ አንተ በሳምንቱ ሻንጣህን አንስተህ ወንድሜ ጋ ሄድክ።

ባለፈው ማክሰኞ የጭስ ማውጫቸውን ልጠግን ሄጄ ነበር። እትዬ ሼፍ "አባትሽ አይመጣም?" አሉኝ።

"ምን ሊሠራ? ጠረጴዛው ከእንግዲህ አይሰነጠቅም" አልኳቸው፣ ደረቴን ነፍቼ።

"እሱማ አይሰነጠቅም" አሉና ከሽርጣቸው ኪስ አንዲት ቁራጭ ብረት አወጡ። ጠርዟ በሞረድ የለሰለሰ ነው። የአንተ እጅ መሆኑን ወዲያው አወቅኩ።

"መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ከእግሩ ስር ያስገባት እሱ ነው። ብዙም ሳትቆይ እኔ አወጣኋት።"

"ለምን?"

"ጠረጴዛው ደህና ከሆነ ምን ብሎ ይመጣል?"

"እሱስ አላወቀም?"

"እንዴት አያውቅም! ገና ሲገባ ጎንበስ ብሎ እግሩን ያያል። ቀና ሲል ይስቃል። አንድ ቀን እንኳ 'የት አደረግሻት?' ብሎኝ አያውቅም።"

አባዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አንዲት ቃል ብትናገር የምታፍረው እኔ ነበርኩ። ግን እሳቸውም ያፍሩ ነበርና የእኔን ስድብ ዋጥከው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ስትስቅ ያየሁህ እዚያ ቤት ብቻ ነው፤ እኔ አብሬህ እየሄድኩ ያየሁት ብረቱን ነው። ይቅር በለኝ።

ትናንት ግራይንደሩን ይዤ ተመልሼ፣ እግሩ ስር የበየድኩትን ቆርጬ አነሳሁት። እትዬ ሼፍ "ኧረ ተይ፣ ሰው ምን ይለናል" እያሉ አጠገቤ ቆሙ፤ ግን አልከለከሉኝም። ያቺን ቁራጭ ብረት ላኪለት ብለው ስለሰጡኝ በጨርቅ ጠቅልዬ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አድርጌያታለሁ።

ጉልበትህን ያበርታልህ፣ ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥህ።

ምላሷ የሚቀድማት ልጅህ

ረስቼው፦ ዛሬ ጠዋት ትልቁን ድስት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውታል። ሲሰነጠቅ እኔ ለመበየድ አልሄድም።