አራት እጅ ቀለም

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ከምሳ በኋላ ቡድን ተመደብን። እኔ፣ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ኪዲና ኪሩቤል። መምህር አዘዘ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ ሮኬት ካልሠራ አያልፍም ባይ ናቸው። ባዶ ሃይላንድ፣ ውሃ፣ የብስክሌት ፓምፕ… በቃ። ነጥቡ ለቡድኑ እኩል ነው። እኔም ኪዲም ሜካኒካል ምህንድስና ለመግባት ይች ነጥብ የግድ ታስፈልገናለች።

ኪሩቤል ወዲያው ሥራ አከፋፈለ። ማን ሾመው? እሱ ይነድፋል፣ ይቆርጣል፣ ያስወነጭፋል። ኪዲ ሪፖርት ትጽፋለች። እኔ ስለ ክንፎቹ ልናገር ስል፣ "ተስኒም፣ የቀለም ነጋዴ ልጅ አይደለሽ? አንቺ አሳምረሽ ቀቢልን" አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምን አሳቀኝ?

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

የራሴን ንድፍ ሠርቼ ሰጠሁት። ሳያየው ሳምቡሳውን አስቀመጠበት። እስኪጨርስ ቆሜ አየሁ። ይህን አልረሳለትም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

መምህር አንድ ሮኬት ወገቡን በክር አስረው ከራሳቸው በላይ አዞሩት። አፍንጫው ከቀደመ ደኅና ይበራል። ጅራቱ ከከበደ ግን አየር ላይ ይገለበጣል። ኪሩቤል ስልኩን ይነካካል።

ክንፎቹ ያሉት ጅራቱ ላይ ነው። ክንፎቹን የምቀባው ደግሞ እኔ…

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ዓባይ ማዶ፣ አባባ ሱቅ ሄድሁ። የብረት በር ቀለም አነሣሁ። "ይሄ እኮ ለፕላስቲክ ይከብዳል ልጄ" አሉኝ። "አውቃለሁ አባባ" አልሁ።

ዙህር ስሰግድ ሐሳቤ ክንፎቹ ላይ ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። ይበሉ።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ኪሩቤል ቆርጦ የሰጠኝን ሮኬት ክንፎች አንድ እጅ ቀባሁ። ሲደርቅ ሮኬቱን እንደ መምህር በክር አዞርሁት፤ አፍንጫው ቀደመ። ሁለተኛ እጅ። አሁንም ያው። በሦስተኛው መወላገድ ጀመረ። በአራተኛው ጅራቱ ቀደመ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! የእኔም ነጥብ አብሮ ቢሄድ ይሂድ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ኪሩቤል አየው። "ወላሂ ያምራል" አለ፣ በእኔ አነጋገር እየቀለደ። ይቀልድ።

ኪዲ ሪፖርቷን ጨርሳለች። "ይች ነጥብ ከመጣች ሜካኒካል ገባሁ ማለት ነው" አለችኝ። ፊቷን አላየሁም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ጣና ዳር። ኪሩቤል በፓምፑ አየር ነፋ፣ የማስወንጨፊያውን ገመድ ሳበ። ሮኬታችን ትንሽ ወጣ፣ አየር ላይ ተገለበጠ፣ ተመልሶ ጭቃ ውስጥ ተሰካ። ሁሉም ሳቀ። ኪሩቤል ቀላ። እሰይ፣ አልሁ በሆዴ።

መምህር ግን መጡ። "ለምን ተገለበጠ?"

"ነፋስ ነው" አለ ኪሩቤል።

ነፋስ? ይህን ሁሉ የለፋሁበትን ነፋስ ይውሰደው? አልቻልሁም። "ጅራቱ ከብዶ ነው። አራት እጅ ቀብቸዋለሁ።"

"ሳታውቂ?"

"አውቄ።"

ሳቁ ቆመ። መምህር ሮኬቱን ከጭቃው ነቀሉት። "ቡድኑ ዜሮ" አሉ። "ለሚቀጥለው ቅዳሜ አስተካክላችሁ ኑ። ቢበር ግማሽ ነጥብ።"

ኪዲ ወደ እኔ ዞረች። "እኔስ ምን አደረግሁሽ?"

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

ኪዲ አታናግረኝም። አንድ ክፍል እየተኛን። ኪሩቤል በማፈሩ አሁንም ደስ ይለኛል፤ እሷን ሳይ ግን አንገቴን እደፋለሁ። ግማሽ ነጥብ እንኳ ብታገኝ ይበቃታል።

ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ስፍቅ ዋልሁ። ሙሉ በሙሉ አልለቅ አለ። የቀረውን ክብደት እንዲያካክስ አፍንጫው ውስጥ ጭቃ ጠቀጠቅሁ። ለኪሩቤልም ነጥብ እያመጣሁለት መሆኑን ሳስብ ጥርሴን ነከስሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

ቀጥ ብሎ ወጣ! ዳር የበቀለውን ደንገል አልፎ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ኪዲ እጄን ያዘችኝ። ወዲያው ለቀቀችኝ። ይሁን፣ ለዛሬ ይበቃኛል።

ከሁሉም በላይ የጮኸው ኪሩቤል ነው፣ የራሱ ሥራ ይመስል። አልወደውም።

ስንመለስ ብስክሌቱን እየገፋ አጠገቤ መጣ። ከዚያ፣ "ተስኒም… ጭቃ ከምንጨምር ክንፎቹን ብናሰፋቸው አይሻልም ነበር?"

ቡድን ከሆንን ወዲህ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው። ጥያቄው ደግሞ ጥሩ ነው፤ አበሸቀኝ። መልሱን አውቀዋለሁ።

"ሰኞ እነግርሃለሁ" አልሁት።

እስከ ሰኞ ይብሰልሰል።