በካልሲ የጎበኘነው ቤተ ክርስቲያን

ረቡዕ
«ጃ፣ እሺ ሞክሪው» አለችኝ አለቃዬ ኢንግሪድ! ቄስ ናት፤ በዚህ በሰው አገር ሴት ቄስ መልመድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ስድስት ዓመት ባጸዳሁት የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አስጎብኚው ጡረታ ሊወጣ ነው። ቅዳሜ አንድ ቡድን በደንብ ካስጎበኘሁ ቦታው የኔ ነው። ካልሆነልኝ ወደ መወልወያዬ። ጎብኚ ራሴ እንዳመጣ ስለተባልኩ የማኅበራችንን ሴቶች ጠራኋቸው።

ሐሙስ
ሜትሮ ባቡር ውስጥ ስሸመድድ መውረጃዬን ሄልስፊርን አልፌ ሄድኩ። በቃሌ የያዝኩት፦ ድሮ የገጠር ደብር ነበረ፣ ከተማው ኋላ መጥቶ ከበበው። ግድግዳው ከአንድ ሜትር በላይ ይወፍራል። መስኮቶቹ ጠባብ፣ ቅስታቸው ክብ። ሰሜን በኩል የተደፈነ በር አለ። የደወል ግንቡ... የደወል ግንቡ ታሪክ ጠፋብኝ!

ዓርብ
ልጄ ሔለን ፊት ተለማመድኩ። «እማ፣ ስለ ድንጋይ ብቻ ነው የምታወሪው። ሰዎቹስ?» አለች። ተናደድኩ። እውነቷን ነው ግን። ቁጭ ብዬ ሳነብ ለካ የዚህ አገር የጥንት ሴቶች በሰሜን፣ ወንዶቹ በደቡብ ነበር የሚቆሙት። የኛ ተቃራኒ!

ቅዳሜ
ጉድ ነው የሆነው። ሴቶቹ መቃኑን ተሳልመው ጫማቸውን አወለቁ። በዚህ ብርድ! ኢንግሪድ «ኔይ፣ ኔይ፣ ትታመማላችሁ!» ስትል፣ ታላቃችን እትዬ ዘውዴ «ቤተ እግዚአብሔር አይደለም እንዴ?» ብለው በካልሲ ገቡ። አፈርኩ፤ እኔ ስድስት ዓመት በሥራ ጫማ ረግጬዋለሁ። አወለቅኩ።

ሁሉም እንደ ልማዳችን በደቡብ በኩል ቆሙ። «የዚህ አገር ሴቶች ድሮ በዚያ ማዶ ነበሩ» ስላቸው ተሻገሩ። እትዬ ዘውዴ ከተደፈነው በር ሥር ቆም አሉ። «ትርሲት፣ እዚህ ጋ ድንጋዩ ጎድጉዷል።» በእግሬ ዳበስኩት። ስወለውል ሁልጊዜ ውሃ የሚያቁርብኝ ቦታ! ስንት እግር ቢረግጠው ነው? አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

«በሩ ለምን ተደፈነ?» አሉኝ። የሸመደድኩት ሁሉ ብን አለ። «አላውቅም፤ እስቲ አብረን እንፈልግ» አልኩ፣ ኢንግሪድ ፊት። አለቀልኝ አልኩ በሆዴ። ኢንግሪድ ጫማዋን አወለቀችና ጎድጓዳውን በእግር ጣቶቿ ነካካችው።

እሑድ
ከቅዳሴ ስወጣ ኢንግሪድ ደወለች። ሥራው የኔ ነው! ለምን እኔን እንደመረጠች ጠየቅኳት። «የቀድሞው አስጎብኚ ለማያውቀውም መልስ ነበረው። አንቺ አላውቅም ብለሽ አብረሽን ፈለግሽ» አለች። እዚያው ግቢ እልልታዬን ለቀቅኩት፤ ሴቶቹ ምክንያቱን ሳይጠይቁ ተቀበሉኝ። ማክሰኞ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ይመጣሉ። ስለ ደወል ግንቡ ዛሬም ምንም አላውቅም፤ ቢጠይቁኝ አብረን እንፈልጋለን፣ እንቅልፌም ከወዲሁ መጥቷል።