«ፊቷ ተንጋዷል» ተብሎ ስለተመለሰው የአልበም ሽፋን

ለተከበሩ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ የፊትዎም ጡንቻ ሁሉ በየቦታው የጸና ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። የመጨረሻውን ምኞት ለምን እንደጨመርኩት ወደ ታች ሲያነቡ ይገባዎታል።

እኔን አያስታውሱኝ ይሆናል። የሱቅና የጋራዥ ማስታወቂያ ሠዓሊ ነኝ። ዕድሜዬ ሰባ አራት ነው። ብሩሽ አያያዝ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ራሴን በራሴ አስተምሬ እዚህ ደርሻለሁ። አድናቂዎቿ «ማሬ» የሚሏት ድምፃዊት ለአዲሱ አልበሟ ሽፋን የሚሆን ምስሏን እንድስል ራሷ መርጣኝ ስዬ ነበር። ድርጅትዎ ሥዕሉን በገጹ ላይ አውጥቶ የአድናቂዎችን አስተያየት ከሰበሰበ በኋላ ውድቅ አድርጎታል። በምትኩም ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ለመጀመሪያ ካሴቷ የሳልኩት፣ ዛሬም ሱቄ ግድግዳ ላይ ያለው ምስል እንዲታተም መወሰኑን ገልጾ፣ እርጥበት የበላውን ጥግ አድሼ እስከ ዓርብ እንዳስረክብ በደብዳቤ አዞኛል። ስለ ደብዳቤዎ አጻጻፍ ውበትና ስለ ማኅተሙ ትልቅነት እያመሰገንኩ፣ ከመልሴ በፊት ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ሥዕሉን ለሕዝብ ሲያወጡት ለድምፃዊቷ ባለመንገርዎ ጊዜዋን ስለቆጠቡላት አመሰግናለሁ። ነገሩን ያወቀችው ከእህቷ ስልክ ነው። አንዱ «ይቺ ማሬ አይደለችም፣ የማሬ አክስት ናት» ብሏል። ሌላው «ፀሐይ ላይ ረስተዋት ቀልጣ ነው» ብሏል። «ሠዓሊው ሲስል ወንበሩ ተሰብሮበት ነው እንዴ?» ያለም አለ፤ ይኼኛው እንኳ ለወንበሬ በማሰቡ ከሌሎቹ ይሻላል። አንዲት እመቤት አልበሙን እንደምትገዛ፣ ነገር ግን ሽፋኑን ወደ ግድግዳ አዙራ እንደምታስቀምጠው በደግነት ቃል ገብታለች። እህቷ ስልኩን ነጥቃ እስክትደብቅባት ድረስ ድምፃዊቷ አንድ በአንድ፣ የጸሐፊዎቹን ስም እየጠራች፣ ጮክ ብላ ስታነብ ውላለች።

ከእነዚያ ሁሉ መካከል አንድ ሰው «እናቴም ከታመመች ወዲህ እንዲህ ናት፤ ተዉአት» ብሎ ጽፎ ነበር። የገበያ ባለሙያዎ ያዘጋጀውን የአስተያየቶች ማጠቃለያ ሠንጠረዥ ሲያሳየኝ ይህ አስተያየት «ከርዕሱ ውጭ» በሚለው ረድፍ ገብቶ አገኘሁት። ርዕሱ ምን እንደነበር ቢያስረዱኝ ውለታዎን አልረሳም።

ሁለተኛ፤ ድርጅትዎ ለአድናቂዎች ባወጣው ይቅርታ «ሠዓሊው መደበኛ ሥልጠና የሌላቸው አዛውንት በመሆናቸው እጃቸው ተንቀጥቅጦ ፊቷ ተንጋዷል» ብሏል። እጄ አይንቀጠቀጥም። ባለፈው ሳምንት ለአንድ የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ ሠላሳ ሁለት ጥርስ፣ አንዱ ከሌላው ሳይነካካ፣ በአንድ ጠዋት ደርድሬያለሁ። የእርሷን ፊት ያንጋደደው የዛሬ አራት ዓመት የመታት ስትሮክ ነው፤ ይህንንም በግልጽ የምጽፈው እርሷ ፈቅዳልኝ ነው። የግራ ጉንጯ ወርዷል፣ የግራ ዐይኗ ቆብ ተንጠልጥሏል፣ ድምጿን ግን አልነካውም። እርስዎም ይህን ያውቃሉ፤ ሆስፒታል ድረስ አበባ ይዘው ሄደው ፎቶግራፍ ተነሥተዋል፤ የተነሡት ግን ከአበባው ጋር እንጂ ከእርሷ ጋር አይደለም። እርሷን ለመሸፈን ቢሆን ኖሮ እጀ ተንቀጥቃጭ መባልን በደስታ በተቀበልኩ ነበር። እርስዎ የሸፈኑት ገበያዎን ነው።

አራት ዓመት ሙሉ ግማሽ ፊቷን በሻሽ ሳትከልል ከደጇ ወጥታ አታውቅም። እኔ ሱቅ ዘጠኝ ጠዋት ተቀምጣለች። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀን ሻሿን አላወረደችም፤ እኔም ብሩሼን አስቀምጬ፣ እጄን አጣጥፌ ጠበቅኳት። በአራተኛው ቀን አወረደችና ጉልበቷ ላይ አኑራ፣ «ጋሼ፣ እንዳለሁ ሳለኝ፤ ሰው አንዴ ይየኝና ይውጣልኝ» አለችኝ። ከእርስዎ ይቅርታ ማግስት ጀምሮ ሻሹ ተመልሷል፤ ቤት ውስጥም፣ ከእህቷ ጋር ብቻዋን ስትሆንም አይወርድም። ለዚህ ውጤት ስንት ባለሙያ እንዳሰማሩ አላውቅም፤ ለሁሉም ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

ሦስተኛ፤ ሾፌርዎ ሥዕሉን ሲመልስልኝ ፊቷን ወደ ውስጥ አድርጎ በጋዜጣ ጠቅልሎ ነው። ላሳዩን ጨዋነት እግዜር ይስጥልን።

አራተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ስለሆነ እርስዎን አያስቀይምዎትም። ሕዝቡ የመረጣት ያቺ የድሮዋ ቆንጆ ማን እንደሆነች ልንገርዎት። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት አባትዎ ሱቄ መጥተው ሽፋኑን ለከነገ ወዲያ አድርስ አሉኝ። ዘፋኟን አይቻት አላውቅም፤ እሳቸውም ፎቶ አልያዙም። «ዝም ብለህ ቆንጆ አድርጋት፣ ማን ያውቃታል!» ብለውኝ ሄዱ። እኔም መደርደሪያዬ ላይ ከነበረ የልብስ ሳሙና ካርቶን ላይ ያለችውን ሴት ገለበጥኩ። ፀጉሩን ብቻ ከባለቤቴ ወሰድኩ፣ ነፍሷን ይማርና።

እንግዲህ «የድሮዋን ማሬ መልሱልን» እያሉ የሚጮኹት አድናቂዎች የናፈቁት የሳሙና ካርቶን ነው። አንዱ «አሥራ ሁለት ዓመት ክንዴ ላይ ተነቅሻት ስኖር፣ ማሬን ለኔ ነው የምትነግሩኝ?» ብሎ ጽፏል። ለዚህ ወንድሜ መጽናኛ ይሆነው ዘንድ፣ ሳሙናው በጊዜው ጥሩ አረፋ እንደነበረው እመሰክርለታለሁ።

ይህን ጉድ ለማንም ተንፍሼው አላውቅም፤ ለእርሷም ቢሆን። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዕለት ግን ቤቷ ሄጄ አፈረጥኩት። ከዚያ «እንዴ ጋሼ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅንድቤን እንደሷ ስኳል፣ በሷ ስቀና የኖርኩት፣ ለሳሙና ነው?» አለችና ሳቀች። የምትስቀው በግማሽ አፏ ነው፤ ቤቱን ለመሙላት በቂ ነበር። እህቷ ከወጥ ቤት ሮጣ መጥታ «ምን ሆናችኋል?» ብትለን፣ «ተይኝ እባክሽ፣ ሰው ሳሙና ሲወድ ኖሮ ነው» አለቻት። ሻሿንም ያን ጊዜ አወረደችው፤ አውርጂው ያላት ሰው የለም።

ስለዚህ መልሴ እንደሚከተለው ነው። የድሮውን ምስል አላድስም፣ አላስረክብምም። በውላችሁ መሠረት እርሷ ያልፈረመችበት ሽፋን አይታተምም፤ የላኩላት የስምምነት ወረቀት ሳይፈረም ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። የምትፈርመው ለአንድ ሥዕል ብቻ ነው፣ የቱ እንደሆነ ያውቁታል። «ምናለበት ጉንጯን ትንሽ ቀና ቢያደርጉት» ሊሉ እንደሚችሉም እገምታለሁ። በሙያዬ አንድ ቀን ዋሽቼ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ሴት በገዛ ፊቷ ስታፍር እንድትኖር አድርጌያለሁ። ሁለተኛ አልደግመውም።

ይህን ረጅም ጽሑፍ እስከዚህ ለማንበብ ላደረጉት ትዕግሥት አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ ለሥልጣንዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለድርጅትዎ ሰፊ ገበያ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

የማስታወቂያ ሠዓሊው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከቢሮዎ መስኮት ፊት ለፊት ያለው፣ ልብስ ሰፊው የሚሠራበት ሕንጻ ባለቤት የቆየ ደንበኛዬ በመሆኑ ባዶውን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሰጥቶኛል። እርሷም «ጉንጬን እንዳታቀናው» ብላ አስጠንቅቃ ፈቅዳለች፤ ሥራውንም ትናንት ጨርሻለሁ። የዘይት ቀለም ስለሆነ ዝናብ አያወርደውም። መሰላሉ ላይ ሳለሁ መጋረጃዎን ሲዘጉ አየሁዎት፤ ጨርቁ በጣም ስስ ነው። ወፍራም ካሻዎት ልብስ ሰፊው ጎበዝ ነው፤ በሩ ከአገጯ ሥር ነው።